በሚቆረጠው ጠርዝ ላይ

ስልኳን አጥፍታ በሯን ለዘጋችው የእህቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ አብራሽ የምታድረው ልጅ ያመጣችልሽን ዳቦ ስታዪው ብቻ ነው የምትውዪው? እኔ ደህና ነኝ። የተነቀለው ጥርሴ ቦታው ሽሯል። ምላሴ ብቻ ሥራ እንደፈታ ሰው እየሄደ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። እናትሽም ደህና ናት፤ ምንም አልነገርኳትም። ትናንት ደውላ "ልጄ ስልክ አታነሳልኝም፣ ምን አግኝቷት ነው?" ስትለኝ "ፈተና ደርሶባት ነው" አልኳት። አልዋሸሁም፤ የምን ፈተና እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ራሴ መጥቼ በርሽን ባንኳኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ጉልበቴን አሞኛል። ስለ ጉልበቴ ብዙ አትጠይቂኝ።

ይሄኔ አስተማሪሽ ይህን ብታነብ ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ "ሰላምታው ይብቃና ወደ ጥያቄው!" ብላ ትጽፍብኝ ነበር። እውነቷን ነው። ግን ደብዳቤ ሌላ፣ አጭር መልስ ሌላ። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ የቤተሰቡን ጤና ጠይቆ ነው የሚገባው። አጭር መልስ የሚጽፍ ሰው ደጅ ላይ ከቆመ እዚያው ይመሽበታል። ስለዚህ ሰላምታዬን ስላደረስኩ መልሱን ላስቀድም፤ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ወደ አስተማሪዎቹ ትሄጃለሽ። በእርሳስ የጻፈብሽ ማን እንደሆነ አስተማሪሽ ታውቃለች። እኔው ራሴ ነገርኳት።

አሁን ጩኺ። ትራሱንም ወርውሪው። ሲበቃሽ ቀጥሎ ያለውን አንብቢ።

እንዳትናገር ብለሽኝ ነበር። ዓርብ ዕለት የላክሽልኝን መልእክት በቃሌ ይዤዋለሁ፤ "አጎቴ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣህ። እንጀራህን አላሳጣህም። እኔ ትምህርቱን ትቼ እሄዳለሁ።" ከዚያ ስልክሽን አጠፋሽ። የሃያ ዓመት ልጅ ለሽማግሌ አጎቷ ትእዛዝ ሰጥታ ስልክ ስትዘጋ የት ታየ? ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ታዘዝኩሽ። የማፍረው በዚህ ነው። ዓርብ ዝም አልኩ፣ ቅዳሜ ዝም አልኩ፣ እሑድ እስከ ቀትር ዝም አልኩ። አንቺን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር። ፈርቼ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቂው። ሌላውን ግማሽ ልንገርሽ።

ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል እንዳቋረጥኩ ታውቂያለሽ። ቀሪውን የተማርኩት በግቢያችሁ መጠረዣ ቤት፣ የሰው ወረቀት ስሰፋና ስለጥፍ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ በእጄ አልፏል! ገጹን በተራ እያስተካከልኩ አንድ ሁለት መስመር ማንበብ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ገጽ፣ ከዚያ ምሳ ሰዓቴን እዚያው ማሳለፍ ልማዴ ሆነ። ያነበበ ሰው ደግሞ መናገሩ አይቀርም። ለማን ልናገር? የወረቀቱ ዳር ሁለት ጣት ያህል በመቁረጫው ተከርክሞ የሚጣል ነው። እዚያ ላይ በእርሳስ እጽፍ ጀመር። ስለ ድንች አንድ መቶ ሃያ ገጽ የጻፈውን ልጅ "ለመሆኑ ድንች ከሰሃን ውጭ አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት። አራት ገጽ ምስጋና የደረደረውን "አመስግነህ ጨረስክ? ጥናቱንስ ማን ሠራው?" አልኩት። ስለ ጉድጓድ ውኃ የጻፈች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷን ግን "ይህን ሳነብ ቆሜ የነበርኩት ተቀመጥኩ" ብዬ ነው ያለፍኳት። ከዚያ መቁረጫውን እጫነዋለሁ፤ ቀልዴም ቁም ነገሬም ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ማንም አንብቦት አያውቅም። ሁለት ጣት ወረቀት ላይ ደግሞ ዝባዝንኬ አይጻፍም፤ የምትዪውን አውቀሽ ካልጀመርሽ ቦታው ያልቅብሻል። ይህንንም ያስተማረኝ ያ ጠርዝ ነው።

አስተማሪሽ የእያንዳንዳችሁን ስድስት አጫጭር መልሶች በየስሙ አስጠርዛ "እንደገና አሻሽላችሁ ጻፉ" ብላ ልትሰጣችሁ ስትልክልን ያንቺን አገኘሁ። መቼም እጄ እንደማያርፍ ታውቂያለሽ። የሌሎቹን አልነካሁም፤ ያንቺን ግን ዳር እስከ ዳር ጎበኘሁት። የድልድዩ መሐንዲስ መልስሽ ጋ ስደርስማ ሣቄ መጣ። አንብባችሁ መልሱ በተባላችሁት ጽሑፍ ውስጥ ያለው ሰውዬ ድልድዩ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው በምሰሶው ላይ ስንጥቅ አይቶ ዝም ይላል፤ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ከነሾፌሩ ወንዝ ይገባል። ጥያቄው "መሐንዲሱ ጥፋተኛ ነው ወይ? ከጽሑፉ አንድ ማስረጃ ጥቀሱ" የሚል ነው። አንቺ ምን ብለሽ ጀመርሽ? "ድልድይ ከጥንት ጀምሮ ለሰው ልጅ ከፍተኛ ጠቀሜታ ሲሰጥ ቆይቷል።" ዳሩ ላይ "ድልድዩን ተይው፤ ሰውየው አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም?" ብዬ ጻፍኩ። ወረድ ብለሽ "አንዳንዶች ጥፋተኛ ነው ይላሉ፣ አንዳንዶች ደግሞ አይደለም ይላሉ" አልሽ። "አንዳንዶችን አላውቃቸውም፤ አንቺስ?" አልኩሽ። መጨረሻ ላይ "በአጠቃላይ ድልድይም መሐንዲስም አስፈላጊ ናቸው" ብለሽ ዘጋሽ። "ይህን ልትነግሪኝ ነው እስከዚህ ያስኬድሽኝ?" ብዬ ጻፍኩና ነገ ቆርጬ እጥለዋለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጥርሴን ልነቀል ሄድኩ። ለካ ከወረቀቶቹ ክምር ሥር የትእዛዝ ወረቀት ነበረ፤ "አንዳንድ ልጆች እስከ ዳር ስለጻፉ ጠርዙ አይቆረጥ" ይላል። ባልደረባዬ ቶሎቶሎ፣ ያ ስሙን በሩጫ ያገኘው፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ትእዛዝ አንብቦ ፈጸመና ሳይቆርጥ አስረከበ። ሃያ ሦስት ዓመት ያልታየው ጽሕፈቴ በአንድ ቀን ታየ።

አንቺም ጽሕፈቴን ለየሽው፤ በላጲስ አጥፍተሽ መልስሽን እንደ አዲስ ጻፍሽና ከጥራዙ ጋር ለአስተማሪሽ መለስሽ። የአዲሱን መልስ ቅጂ አምጥተሽ ኪሴ ውስጥ እየከተትሽ "ይኸው፣ ጠራዡ እንዲስቅ" ያልሽኝ ቀን እኔም ሣቅኩ። አስተማሪሽ ግን አልሣቀችም። ላጲስ እርሳሱን ያጠፋል እንጂ የእጅ ጫናውን አያጠፋም። እኔ ደግሞ ስጽፍ እጫናለሁ፤ የጠራዥ እጅ ነው። "ይህ የአንቺ ጽሕፈት አይደለም፤ ማን ነው የሚጽፍልሽ?" ስትልሽ መልስ የለሽም አሉ። ሁለተኛ ስትጠይቅሽም የለሽም። እንግዲህ ዝምታ ለከሳሽ ከመሐላ ይበልጥለታል። ጉዳዩ ሦስት አስተማሪዎች ፊት የቀረበው በዚህ ነው።

እሑድ ቀትር ላይ ኮቴን ለበስኩና እጄን ኪሴ ስከት ያ ወረቀት መጣ። ቆሜ አነበብኩት። ራስሽ የጻፍሽውን መልሼ እጽፍልሻለሁ፤ ረስተሽው ይሆናል፤

"መሐንዲሱ ጥፋተኛ ነው፤ ምክንያቱም ስንጥቁን ያየው እሱ ብቻ ነበር። ጸሐፊው 'እጁን ስንጥቁ ላይ አሳርፎ ዙሪያውን ተመለከተ' ይላል። ዙሪያውን የተመለከተው የሚረዳው ሰው ፍለጋ አይመስለኝም፤ ሌላ ያየ ሰው አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው። እንደፈራ አልክድም። ግን ፍርሃቱ ዝም ያለበትን ምክንያት ይነግረናል እንጂ ጥፋቱን አያነሳለትም።"

አነበብኩና፣ የእህቴ ልጅ፣ በቤቴ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቅሁ ዙሪያዬን ተመለከትኩ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ያንቺ ጥራዝ ተከፍቶ ነበር። መነጽሯን አውርዳ "ምን ልርዳዎት?" አለችኝ። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከልጅነቴ ይጀምር ነበር። ተውኩትና "የእርሳሱ ጽሕፈት የኔ ነው። የእናቷ ወንድም ነኝ። መልሶቹን ግን የጻፈቻቸው እሷ ናት" አልኳት። ከዚያ ጥራዙን ወደ ራሷ ስባ "የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደጻፉ ይነግሩኛል?" አለች። እኔ በቃሌ እያልኩ፣ እሷ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ እያነሳች ጫናውን በብርሃን እየፈለገች፣ ስድስቱንም አዳረስን። "አንዳንዶችን አላውቃቸውም" ጋ ስንደርስ ከንፈሯ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። መማል ግን አልችልም።

"ይህን ለስንት ዓመት ሲያደርጉ ኖሩ?" አለችኝ። "ብዛቱን መቁረጫው ነው የሚያውቀው" አልኳት። ይህ ቀልድ አልያዘም። ቀይ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና "የመጠረዣ ቤት ሠራተኛ የተማሪ ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ እንደማይችል ያውቃሉ?" አለች። "አውቃለሁ" አልኳት። "ለአለቃዎ መጻፍ ይኖርብኛል።" "ይጻፉ፤ ብቻ አጭር ይሁን" አልኳት። እንዲህ ያልኩት ለመቀለድ አልነበረም፤ ሌላ ቃል አጥቼ ነው።

ከዚያ ስላንቺ ተከራከርን። እሷ "ጥያቄዎቹን እርስዎ ከጠየቋት መልሱ ግማሹ የእርስዎ ነው" አለች። እኔም "እርስዎም እኮ ጥያቄ ይጠይቋታል፤ ታዲያ የእርስዎ ድርሻ ስንት ነው?" አልኳት። ደፍሬአት ነበር። ከዚያ ስለ "ዙሪያውን ተመለከተ" አነሳሁባት። "እርሳሴ እዚያ ቦታ ምን ብሏል? ይፈልጉት፤ ምንም አላለም። ያንን ሐረግ ከሁለት ገጽ ውስጥ መርጣ ያወጣችው፣ ትርጉሙንም የሰጠችው እሷ ናት። እኔ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አንብቤ አላየሁትም" አልኳት። መስኮቱ ጋ ቆማ ያንን ገጽ ብዙ ደቂቃ አየችው። በኮሪደሩ ሰው ሲያልፍ እሰማለሁ። በመጨረሻ "እሷ ራሷ ለምን አልነገረችኝም?" አለች። "ለኔ ፈርታ" አልኳት።

የወሰነችው ይህ ነው። ሐሙስ አራት ሰዓት ሦስቱ አስተማሪዎች ባሉበት አንድ ገጽ ጽሑፍና አንድ ጥያቄ ይሰጥሻል። ሠላሳ ደቂቃ፣ ብቻሽን። የምትጽፊው መልስ በዚያ ጥራዝ ውስጥ ያለችውን ልጅ ከመሰለ ክሱ ይዘጋል። ካልመጣሽ ግን ያጠፋሽ ያህል ይቆጠራል፤ ትምህርቱን ትወድቂያለሽ፤ ካሁን ቀደም አንድ ማስጠንቀቂያ ስላለብሽ ግቢውንም ትለቂያለሽ። "ይህን ላስለውጠው አልችልም" አለችኝ። አመንኳት። ከዚያ በኋላ የሆነው የቢሮ ወሬ ነው፤ አሰልቺ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ሐሙስን እንዴት ታደርጊዋለሽ? እንግዲህ ጠራዥ የሚያውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያንን ግቢ የረገጥኩ ቀን ዘበኛው "ምን ፈልገህ ነው?" አለኝ። እኔ ከተወለድኩበት ጀምሬ፣ የአባቴን መሞት ጨምሬ፣ የትምህርቴን መቋረጥ ሳወራ በሩን ዘጋው። በማግስቱ ተመለስኩና "መጠረዣ ቤት ሥራ ልጠይቅ ነው፤ መርፌ መያዝ እችላለሁ፤ ይኸው የሰፋሁት ደብተር" አልኩት። ከፈተልኝ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ሦስት ዓመት ያ በር ተዘግቶብኝ አያውቅም ነበር። የሐሙሱም ጥያቄ ያው ዘበኛ ነው። የምትፈልጊውን በመጀመሪያው መስመር ንገሪው፤ ደብተርሽን አሳዪው።

ጥያቄውን ከጽሑፉ በፊት አንብቢ፤ ጽሑፉን ስታነቢ ምን እንደምትፈልጊ እንድታውቂ። "ትስማማለህ ወይ" ካለ መስማማትሽን ወይም አለመስማማትሽን ንገሪ፤ ጽሑፉን መልሰሽ አትተርኪላቸው፤ እነሱ አንብበውታል፤ መርጠው የሰጡሽ እነሱ ናቸው። ማስረጃ ስትጠቅሺ አጭር ይሁን፤ አንድ ሐረግ ይበቃል። ጠቅሰሽ ግን ጥለሽው አትሂጂ። "ዙሪያውን ተመለከተ" ብለሽ ብታቆሚ ኖሮ ማንም አይሰማሽም ነበር፤ ለምን እንደተመለከተ የነገርሽን ጊዜ ነው ሰውየው የታየን። ከአንቺ የተለየ የሚያስብ ሰው ደግሞ ምን እንደሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ስጪው፤ ቀማኛ አትሁኚ። አንቺ "እንደፈራ አልክድም" ያልሽው እሱን ነበር፤ ያቺን መስመር ባትጽፊ ኖሮ ፈሪ አጎትሽ "ይህች ልጅ ፍርሃት አታውቅም" ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይመልሰው ነበር።

ሲያልቅብሽ አቁሚ። "በአጠቃላይ" የምትል ቃል እጅሽ ላይ ከመጣች እጅሽን ታጠቢ።

ሠላሳ ደቂቃ ትንሽ እንዳይመስልሽ። አምስቱን አንብቢበት፣ አምስቱን ደግሞ ምንም ሳትጽፊ ተቀመጪበት። ይጨንቃል፤ ሦስት ሰው እየተመለከተሽ ባዶ ወረቀት ፊት መቀመጥ ያስጨንቃል። ይዩሽ። መልስሽን በልብሽ ለአንድ ሰው ተናገሪው፤ ለእናትሽ ይሁን፤ እሷ የተንዛዛ ወሬ ስትሰማ "እሺ፣ እና?" እንደምትል ታውቂያለሽ። እሷ "እሺ፣ እና?" የማትልበትን ዓረፍተ ነገር ስታገኚ ጻፊው።

ትናንት ቶሎቶሎ ቤቴ መጥቶ ነበር። ሽርጤንና የሻይ ኩባያዬን በፌስታል ይዞልኝ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይቸኩል ተቀመጠ፤ "ምነው ዛሬ ረጋ አልክ?" ብዬ ስጠይቀው ወለሉን እያየ "እንዲሁ ነው ጋሼ" አለኝ። የመቁረጫው ምላጭ ከወር በኋላ መሳል እንዳለበት ነገርኩት፤ ይረሳል ብዬ ጻፍኩለትም። ደግሞ አንድ ነገር ደረስኩበት፤ ለካ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚህ ቤት የምትገባው በጓዳው መስኮት ነው። ስንት ዓመት ኖሬበት አላውቅም ነበር።

አንቺ ላይ ለሣቅሁት ሣቅ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። ይቅርታሽን የምለምነው ስለጻፍኩብሽ አይደለም፤ ሦስት ቀን ዝም ስላልኩብሽ ነው። ይህን ጥፋት በአጭር መልስ ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ። አስተማሪዎቹ የፈለጉትን ነጥብ ይስጡሽ፤ እኔ ያን ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፍ አንብቤ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ቢሮ ድረስ እንድሄድ ያደረገኝ ያንቺ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ የግቢያችሁ ዘበኛ በእጅሽ ይሰጥሻል። ዛሬ በሩ ላይ ሳገኘው አንገቱን ደፍቶ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታዝዤ ነው" አለኝ፤ ምንም አላደረገኝም፤ እንዳትቆጪው። ፖስታው ውስጥ እርሳሴን አስቀምጬልሻለሁ። አጭር ናት፣ ጫፏም ተነክሷል፤ ጥርስ በነበረኝ ጊዜ ነው። ለእኔ ለጊዜው አታስፈልገኝም።

ፈጣሪ እጅሽን ያጽናው። አፍሽ የፈራውን ብዕርሽ ይናገር። የተዘጋ በር ሁሉ በመጀመሪያው መስመርሽ ይከፈት። እናትሽን በደስታ እንጂ በእንባ አታግኚያት።

የእናትሽ ታናሽ ወንድም፣
የነገር ቅመም እያልሽ የምትጠሪው
አጎትሽ

ደግሞ ሐሙስ ስትጨርሺ እንደልማድሽ ወደ መጠረዣ ቤቱ እንዳትሮጪ። ቀጥ ብለሽ ወደ ቤት ነይ። በየትኛውም ሰዓት ብትመጪ አለሁ።